አቱዋን ያልሰመጠበት በረዶ

የበረዶው ወራት ሲቃረብ፣ በወንዙ አፍ ባለችው መንደራችን የፒናመን ቤት ሰው አያጣም ነበር። የሚያንኳኳ የለም፤ ማንኳኳት የነጮቹ ልማድ ነው። ገቢው ያመጣውን የጫማ ክፈፍ ከግድግዳ አስደግፎ ይቀመጣል፤ ሻይ ይቀዳለታል፤ ጉዳዩን የሚያነሣው ከጠጣ በኋላ ነው። ጥልቅ በረዶ ላይ እንዳያሰምጥ ከእግር ሥር የሚታሠረው የሰፊው የበረዶ ጫማ ክፈፍ የወንድ ሥራ ነው፤ የበርች እንጨት ጠርቦ፣ በፈላ ውሃ አለስልሶ፣ አጉብጦ ያመጣዋል። ክፈፉን በአጋዘን ጠፍር እንደ መረብ ወጥሮ መሙላት ግን የሴት እጅ ይጠይቃል። ሚስት የሌለው፣ ሚስቱ የታመመችበት፣ ወይም መጠኑ ያሳሰበው ሁሉ ወደ ፒናመን ይመጣል። ጤነኛ ሚስት እያለችው ጫማውን ለሌላ ሴት ያስጠፈረ ወንድ ግን፣ «በዚያ ቤት አንድ ነገር ተሰብሯል» ተብሎ ይታማ ነበር።

ፒናመን በመለኪያ አትለካም። ባለጉዳዩን ሸክሙን አሸክማ ደጅ ታወጣውና ባልተረገጠ በረዶ ላይ ታስኬደዋለች። ከኋላው ቆማ ምን ያህል እንደ ሰመጠ ታያለች፤ አለቀ።

«ሰው ብቻውን አይመዘንም» ትል ነበር፣ እናቷ እንዳስተማረቻት። «ሸክሙም አካሉ ነው።»

የባሏ ታናሽ ወንድም ፓሺን ሚስቱ ከሞተችበት ጀምሮ ጫማው የሚጠፈርለት በእርሷ እጅ ነበር። አንድ ጊዜ ቁመቱን የሚያክል ክፈፍ ተሸክሞ መጣ።

«ይሄ ምንድን ነው? ታንኳ ነው?» አለችው።

«ምን ላድርግ እትዬ፣ ረጅም ጫማ እንደ ዱቄት በላላ በረዶ ላይ አያሰምጥም ያልሽው ራስሽ ነሽ።»

«ሐይቅ ለሐይቅ ለሚሄድ ነው ያልኩት። አንተ ወጥመድህን የምታጠምደው ጥቅጥቅ ያለ ጫካ ውስጥ። በዚህ ከዛፍ ዛፍ ስትላተም ጥንቸሉ ሁሉ ይስቅብሃል። አጭርና ክብ አድርገህ አምጣ፣ እንደ ድብ መዳፍ።»

«አጭር ጫማ የአጭር ሰው አይደለም እንዴ?»

«አንተስ ማን ሆነህ ነው? ደግሞ በረዶው እርጥብ ሲሆን የምታደርገውን ለብቻ አምጣ። ዓይኑ የጠበበ መረብ እርጥቡን በረዶ ሲይዝ ድንጋይ ነው የሚሆነው፤ ያኛውን ሰፋ ሰፋ አድርጌ እጠፍርልሃለሁ።»

ፓሺን እየሳቀ ክፈፉን መልሶ ተሸክሞ ሄደ። ያን ጊዜ በዚያ ቤት ሳቅ ብዙ ነበር።

መለካት የማያስፈልገው የባሏ የአቱዋን ጫማ ብቻ ነበር። ከተጋቡበት ዓመት ጀምሮ መጠኑ ያው ነው፤ በመንደሩ ከእርሱ የሚበልጥ አልነበረም። አቱዋን ያደነውን አጋዘን ግማሽ በትከሻው ጭኖ ኮረብታ የሚወጣ ግዙፍ ሰው ነበር። ጎረቤታቸው ማቲነን «ያንተ ጫማ ቢገለበጥ እኮ ቤተሰብ ያስጠልላል» ትለዋለች፤ እርሱም «ኪራዩን ከከፈልሽ ግቢ» ይላታል። ወደ ላይ፣ ወደ አደን አገራቸው ሲወጡ ፊት ቀድሞ በረዶውን የሚሰብር እርሱ ነው። ፒናመን በዱካው ላይ እየረገጠች ትከተለዋለች። ዕድሜዋን ሙሉ የባሏን ፊት ካየችው ይልቅ ጀርባውን ያየችው ሳይበልጥ አይቀርም።

ባቡሩ ወደ ሰሜን መመላለስ ከጀመረ ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ አቱዋን በሙቀቱ ወራት ሳል ያዘው። የመንደሩ ነርስ ወደ ደቡብ ሆስፒታል እንዲሄድ ብትለምነውም አሻፈረኝ አለ። ወደዚያ ተወስደው በሣጥን የተመለሱትን ያውቃቸዋል።

«መጀመሪያ ሐይቄን ልየው» ይል ነበር። አባቱ የከረመበትን፣ እርሱም ዕድሜውን የከረመበትን የነጭ ዓሣ ሐይቅ ማለቱ ነው። «በእግሬ ሄጄ ልየው። ከዚያ በኋላ የፈለጋችሁበት ጣሉኝ።»

ደህና በረዶ በጣለ ማግስት፣ ፒናመን ማገዶ ልታመጣ ወጣች። ከማገዶው ክምር ተነሥቶ ወደ ወንዙ የሚወርድ ዱካ አየች። ላይ ላዩን የሄደ ዱካ ነው፤ ጥልቀቱ የኮረዳ እንጂ የወንድ አይመስልም።

«አንተ ሽማግሌ!» ብላ ወደ ቤት ጮኸች። «የማን ልጅ ናት ደጃችንን ስትዞር ያደረችው? ንገረኝና ፀጉሯን ልንጭላት!»

ከውስጥ ሳል ብቻ ተሰማ።

ጎንበስ አለች። በበረዶው ላይ የታተመው የመረብ ዓይን አጣጣል የራሷ ነው፤ ማንም ሴት የራሷን እጅ አትስትም። ስፋቱም በመንደሩ የአንድ ሰው ብቻ ነው። ከጎኑ እርሷ አሁን የረገጠችው፣ የትንሿ ጫማዋ ምልክት አለ። የእርሷ ከባሏ ይልቅ ጠልቋል።

ማገዶውን አስቀመጠችው። ከክምሩ አንሥታ እስከ ወንዙ ዳር ድረስ ያንን ዱካ በእግሯ እየዳመጠች አጠፋችው።

ከዚያን ቀን ወዲያ ቅልጥም መስበር ሥራዋ ሆነ። ቂጣውን በአጋዘን ስብ አርሳ ታቀርባለች፤ ዓሣ ትቀቅላለች፤ «አንድ ጊዜ ብቻ ጉረስልኝ» ትለዋለች። አቱዋን ይጎርስና ረጅም ጊዜ ያላምጣል። እርሷ ዞር ስትል ለውሻው ይሰጠዋል።

ወደ ሐይቁ የሚሄዱበት ቀን ሲቃረብ አቱዋን ከጓሮ አንድ ጥንድ ክፈፍ ይዞ ገባ። አዲስ የተሠራ፣ ትንሽ ነበር።

«ጠፍሪልኝ» አለ።

«ለማን ነው?»

«ለኔ።»

«ያንተ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ይሄ የሴት ልጅ ነው።»

«ፒናመን፣ ዱካ ማንበብ ተውሽ እንዴ?»

«ዱካህን አላየሁም!»

«አጥፍተሽው እንዴት ይታይሻል» አለና ፈገግ አለ። ወዲያው ግን ፈገግታው ጠፋ። «ስሚኝ። ትልቁ ጫማ ትልቁን ሰው እንዳይሰምጥ ነው። እኔ አሁን መስመጥ አይደለም ጭንቄ፤ ማንሣት ነው። በረዶው ላዩ ላይ ሲቆለልበት ጫማው ከኔ ይከብዳል።»

«ብትበላ ይመጥንሃል!»

«በልቻለሁ።»

«ለውሻው አብልተህ!» አለች። «እኔ የምጠፍረው ለባሌ ነው። የባሌን ልክ ደግሞ አውቀዋለሁ። ይሄን እንጨት ምድጃ ውስጥ ክተተው።»

ለእርሷ ያንን ትንሽ ክፈፍ መጠፈር፣ ባሏ እየሞተ ነው ብሎ በገዛ እጅ ፍርድ እንደ መስጠት ነበር። አቱዋን ገባው፤ ስለዚህ አልተከራከራትም። ክፈፉን ይዞ ወጣ።

ማቲነን ነገሩን ሰምታ በማግስቱ መጣች። ፒናመን ከመጋረጃው በስተጀርባ ሥጋ ትከትፍ ነበር።

«አቱዋን፣ አምጣ እኔ ልጠፍርልህ» አለችው ዝቅ ባለ ድምፅ። «ማንም አይሰማም።»

«ሚስቴን ገድዬ ነው ወይስ ፈትቼ?»

«ቀልዱን ተወው። በዚያ ትልቅ ነገር ሐይቁ ጋ አትደርስም።»

«አውቃለሁ» አላት። «ግን እሷን አዋርጄ ብደርስ ሐይቁ ደስ አይለኝም።»

ፒናመን ሁሉንም ሰማች። ቢላዋውን እንደ ያዘች ቆማ ቀረች። ወጥታ «ስጠኝ፣ እጠፍረዋለሁ» ልትል ፈለገች፤ አፏ ግን እሺ አላለም። እልኸኛ ሆና አልነበረም። ተስፋዋ ያ ትልቅ ጫማ ብቻ ስለ ነበረ ነው።

የጉዞው ቀን ደረሰ፤ ባቡሩ ከለመዱት ቦታ አወረዳቸውና ሄደ። ሦስቱ ናቸው፦ አቱዋን፣ ፒናመን፣ ፓሺን። ዕቃቸውን በበረዶ ላይ በገመድ በሚጎተቱ ሁለት ሳንቃዎች ላይ ጫኑ። አቱዋን ትልቁን ጫማ አሥሮ እንደ ልማዱ ፊት ወጣ፤ ማንም አልከለከለውም። መጀመሪያ ደህና ሄደ። ፒናመን ጀርባውን እያየች «ይኸው፣ ምን ሆነ?» አለች በልቧ። በረዶው ግን ጥልቅና ልል ነበር። በሰፊው መረብ ላይ እየተቆለለ፣ በእያንዳንዱ እርምጃ አቱዋን ጭኑን በእጁ ደግፎ እግሩን ያነሣ ጀመር።

«ወንድም ዓለም፣ ለኔ ልቀቅልኝ እንጂ!» አለ ፓሺን ከኋላ። «እኔም እኮ አንድ ቀን መሪ መባል አምሮኛል።»

«መንገዱን ታስተናለህ።»

«ብንስትስ! ድሮም የት ልንደርስ ነው?»

አቱዋን ሳቀና አሳለፈው። ጥቂት ቆይቶ ፒናመንንም አሳለፋት። እርሷ ወደ ኋላ ማየት ፈራች። የጫማው ድምፅ እየራቀ፣ እየቆየ፣ በመጨረሻ ጠፋ። ዞራ ስታይ በረዶው ላይ ተቀምጧል፤ ሁለቱ ትልልቅ ጫማዎች ፊቱ ተዘርግተዋል። ፓሺን መቀለዱን ተወ። አንሥተው ሳንቃው ላይ አስተኙት። አቱዋን ፊቱን ወደ ጫካው አዞረ። በሕይወቱ ተጎትቶ የማያውቅ ሰው ነበር።

እዚያው አቅራቢያ ድንኳን ተከሉ። ፒናመን ከሳንቃው ጭነት ስታወርድ፣ ከዱቄቱ ከረጢት ሥር ትንሹን ክፈፍ አገኘችው። ምድጃ ውስጥ ክተተው ያለችውን፣ ደብቆ ይዞት መጥቶ ነበር። ከዕቃዋ ጠፍር አወጣች። ጠፍሩን ውሃ ውስጥ ነከረችው።

በማግስቱ ከማለዳ ጀምሮ በረዶ ይጥል ነበርና የትም የሚሄድ አልነበረም። የጥድ ቅርንጫፍ በተነጠፈበት ድንኳን ውስጥ ተቀምጣ በአጥንት ወስፌዋ ትጠፍር ጀመር። አቱዋን ተጋድሞ ያያታል።

«ጠበቅ አድርጊው። ለኮረዳ ነው ብለሽ እንዳታላይው።»

«ዝም በል አንተ። መቼ አላልቼ አውቃለሁ?» እየሳቀች እንባዋ ጠፍሩ ላይ ይወርድ ነበር።

«አታርጥቢው፣ ሳይደርቅ ይቀራል።»

ተጠፍሮ ሲያልቅ፣ ከምድጃው ራቅ አድርጋ ሰቀለችው። ጠፍር እርጥብ ሳለ ከተረገጠ ይላላል፤ ለእሳት ከቀረበ ይሰነጠቃል። የሚያፋጥነው ነገር የለም። በመንደሩ ተጠፍሮ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ሰዓት ለመንገድ በዋለ ነበር። አቱዋን ቀኑን ሙሉ ይጠይቃል፦

«ደረቀ?»

«ገና ነው።»

«እንግዲያው እኔም ገና ነኝ።»

በየጊዜው ተነሥታ በጣቷ ትነካዋለች። እርሱ በተጋደመበት ዓይኑ ይበልጥ እየጎደጎደ ሲሄድ ታያለች። ስትጸልይ ኖራ ስለ ጠፍር መድረቅ የጸለየችው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ሰማዩ ሲጠራ ጠፍሩም ደርቆ ሲነካ እንደ ከበሮ ይጮህ ነበር። ተንበርክካ በእግሩ አሠረችለት። በሁለት በኩል ደግፈው አቆሙት፤ ከዚያ «ልቀቁኝ» አለ። ለቀቁት። ሄደ።

ሄደ! ጫማው እንደ ላባ ይነሣለታል፤ ወጣት ሳለ እንደሚያደርገው ትከሻውን እየነቀነቀ ፊት ሄደ። ዱካው የጣት ጥልቀት እንኳ አልነበረውም። ፒናመን ረግጣ እንዳታበላሸው ወደ ጎን ወጥታ ባልተረገጠው በረዶ ላይ እየሰመጠች ተከተለችው። ፓሺን እንባውን በጓንቱ ጠረገ።

ከመጨረሻው ኮረብታ ሥር ሲደርስ አቱዋን ቆመ። ጉልበቱ ቀስ ብሎ ታጠፈ።

«ጫማው ጥሩ ነው» አለ ስትደርስበት። «ልክ ነው፣ አልተሳሳትሽም። እግሩ ነው ያለቀው። ቀድሞ ቢሆን...» አላስጨረሰውም፤ ሳል ያዘው።

ሳንቃው ላይ አድርገው ብርድ ልብስ ጠቀለሉት። ገመዱን ፒናመን ደረቷ ላይ አጠለቀች፤ ፓሺን ልውሰድ ቢላት እንቢ አለች። ኮረብታውን ወጡ፤ በማዶው ወረዱ። ሐይቁ ነጭ ሆኖ ተዘርግቶ ነበር።

«አቱዋን፣ ደረስን» አለች ሳትዞር። «አቱዋን፣ ሐይቁ ይኸውልህ።»

መልስ አልሰማችም።

የመንደሩን ሰው ሁሉ በዓይኗ መዝና የማትሳሳተው ሴት፣ ባሏ ከኮረብታው ወዲህ ይሁን ወዲያ እንደ ተለያት ከገመዱ ክብደት ማወቅ አልቻለችም። ሲሞትም አልከበደም፣ በሕይወት ሳለም አልከበደም ነበር።

መሬቱን በእሳት አቅልጠው ከሐይቁ ዳር ቀበሩት። በረዶው ሲሟሽሽ ወደ መንደር ተመለሱ። ፒናመን ከዚያ በኋላም ብዙ ዓመት ኖረች፤ ለብዙ ሰው ጠፈረች። ሰው የሚያመጣውን ክፈፍ ግን «ትልቅ ነው፣ ትንሽ ነው» ብላ መሟገት ተወች። ማቲነን ስለ ነገሩ አንድም ቀን አላነሣችባትም። አንድ ቀን ፓሺን ተሰብሮ የሚጠገን ጫማውን ይዞ መጣ፤ ሻዩን ከጠጣ በኋላ ተናገረ።

«እትዬ፣ ራስሽን አትብዪ። ያ በሽታ በትልቁም ሄደ በትንሹ አይለቀውም ነበር። መሞቱ አይቀርም ነበር።»

ፒናመን ወስፌዋን ጭኗ ላይ አሳረፈች።

«አውቃለሁ» አለች። «ይሞት ነበር። ግን ደርሶ ይሞት ነበር።»