አንድ መስኮት የበዛበት ፉርጎ

ኤይቪን ክራግ ሠላሳ ስምንት ዓመት በዴንማርክ ባቡሮች ላይ ትኬት ሲቆጣጠር ኖሮ ጡረታ ሲወጣ፣ ሰው ሁሉ "እፎይ፣ አሁንስ ታርፋለህ" ብሎት ነበር። የት አባቱ ሊያርፍ! ይሠራበት የነበረውን ቀይ ፉርጎ በትንሹ፣ ከፕላስቲክ የመጫወቻ ጡብ ልገጣጥም ብሎ ተነሣ። ሁለት ክረምት ፈጀበት። የሻንጣ መደርደሪያው፣ የመጸዳጃ ቤቱ በር ሳይቀር በልኩ ተሠራ። መስኮቱም በአንድ ጎን አሥራ አንድ፤ እንደ እውነተኛው። በጡብ ገጣጣሚዎች ማኅበሩ ያሉት ሌሎች ፉርጎ ሠሪዎች እንዲያጥርላቸው አንድ ሁለት መስኮት ይዘላሉ፤ እሱ ግን አንጀቱ አልቻለም።

ጉዱ የታወቀው ለማኅበሩ የእሁድ ትርኢት ሦስት ቀን ሲቀር ነው። ፍሬዴሪሲያ ከተማ በሚገኘው የማኅበራቸው አዳራሽ ፉርጎው እየተጎማለለ መጣና መታጠፊያው ላይ ሲደርስ ሆዱ የጣቢያውን መሳፈሪያ ገጭቶ ከሐዲዱ ወጣ።

ጣቢያውን የሠራችው ቦዲል ጡረታ የወጣች የሒሳብ አስተማሪ ናት። ማስመሪያዋን አወጣች።

"ልክ በአንድ መስኮት ረዝሟል።"

"መሳፈሪያሽ ነው የሰፋው!"

"እና ልቁረጠው?"

አዳራሹ ውስጥ ያለው ሁሉ ከሥራው ቀና አለ። እዚያ ማኅበር ውስጥ ጡብ መቁረጥ ትልቅ ነውር ነው፤ ሙጫማ ስሙም አይነሣ።

"አንድ መስኮት አውጣ በቃ። ማን ይቆጥርልሃል?"

"እኔ ነኛ!"

"እንግዲያው እሁድ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ይታያል" አለችና ጥቁር ዳቦዋን ገመጠች።

ኤይቪን ይህን ከሚያይ ሞቱን ይመርጣል። የማይሄድ ፉርጎ ለእሱ ቁም ሣጥን ነው።

ቤቱ ገብቶ ፉርጎው ላይ ሲያፈጥ ሚስቱ ካረን መጣች።

"አንዱን አውጣዋ፤ ምን ታካብዳለህ?"

"የቱን? ሦስተኛው ላይ ያ ለገና ዝይ ከነነፍሷ ይዞ የተሳፈረው ሰውዬ አለ። ዘጠነኛው ላይ ሴትዮዋ ምጥ ይዟት ነበር። ሰባተኛውንማ ቢገድሉኝ አልነካውም፤ አንቺን ያገኘሁበት ነው።"

ይህችን ታሪክ ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ሲያወራት ኖሯል። ካረን ሰባተኛው መስኮት ላይ ተቀምጣ፣ ፀሐይ ፊቷ ላይ አርፋ፣ ትኬት የላት፤ እሱም ከኪሱ ከፈለላት።

ካረን ሳቋን መያዝ አቃታት።

"ሰባተኛው ላይ አልነበርኩም እኮ።"

"ምን?"

"መጨረሻው ላይ ነበርኩ፣ መጸዳጃ ቤቱ አጠገብ። ትኬት የሌለው ሰው የት ይቀመጣል ታዲያ? ስትመጣ ዘው ብዬ ልደበቅ ነበር። ደግሞ ዝናብ ነበር፤ የምን ፀሐይ!"

"ይሄን ሁሉ ዓመት ስቀባጥር ዝም ብለሽ አየሽኝ?"

"ምን ላድርግ፣ ስታወራው ደስ ይልሃል። እኔም ብሆን እንደዚያ ቆንጆ የሆንኩት እዚያች መስኮት ላይ ብቻ ነው።"

ኤይቪን ተናደደ፣ አፈረ፣ ከዚያ ሳቁ አመለጠው። ሰባተኛውን መስኮት ነቀለው።

እሁድ ፉርጎው መሳፈሪያውን ለጥቂት እየሳተ ዞረ። ቦዲል "አሥር!" አለች፣ በድል አድራጊነት። ኤይቪን አልሰማትም። ካረንን እጇን ይዞ ጎንበስ አስደረጋት። መጨረሻው መስኮት ላይ አውራ ጣት የምታህል ሴት ተቀምጣለች፤ ከራሷ በላይ ትንሽ ቢጫ መብራት ፊቷ ላይ ይበራል።

"ዝናብ ነበር አልኩህ እኮ" አለች ካረን፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ።

"አንቺ ዝም በይ፣ ትኬት የለሽም።"