የወንድሜን የክርስትና ስም ማን ነገረው?

«የክርስትና ስሙን እኮ ጠራው!» እናቴ ዛሬ ጠዋት ከመንደራችን ከቁሐር ሚካኤል ደውላ ይህንኑ እየደጋገመች ታለቅሳለች።

ታናሽ ወንድሜ ባሕር ዳር ሆስፒታል ተኝቷል፤ ነገ ቀዶ ጥገና አለው። ለሕክምናው ብለን ወረታ ገበያ በሬያችንን ሸጠን፣ ብሩን በእናቴ ስልክ፣ በሞባይል ባንክ አስቀምጠነው ነበር።

ማለዳ አንድ ሰው ደወለላት። «እናቴ፣ ከሆስፒታል ነው። ልጅዎ ዛሬውኑ ቀዶ ጥገና ሊገባ ነው፤ ብሩን ከዚሁ እንድናወጣው የሚስጥር ቁጥርዎንና አሁን በመልእክት የሚገባልዎትን ቁጥር ይንገሩኝ» አላት።

ነገረችው። ብሩ የለም።

እናቴ ሞኝ አይደለችም። «ሽልማት ደርሶዎታል» የሚላትን ሁሉ ረግማ ነው ስልኩን የምትዘጋበት። ይሄኛው ግን ልጇን በክርስትና ስሙ ጠራው። እኛ ቤት ያንን ስም ከቤተሰብና ከነፍስ አባታችን በቀር የሚያውቅ የለም። ልጇ ተጨንቆ ራሱ ለሐኪሞቹ የነገራቸው መሰላት።

አሁን «ማን ነገረው?» እያለች ትጠይቀኛለች።

እኔ ነኝ። ባለፈው እዚሁ ገጼ ላይ «ወንድሜን በጸሎት አስቡልኝ» ብዬ የክርስትና ስሙን ጻፍኩ። የተኛበትን ሆስፒታል ጻፍኩ። ልትጠይቋት ለምትፈልጉ ብዬ የእናቴን ስልክ ጨመርኩ። ከስር «አሜን» ካላችሁት አንዱ ሌባው ሳይሆን አይቀርም።

ጽሑፉን አሁን አጠፋሁት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሉ የለ?

ነገ ወንድሜ ምን እንደሚሆን አላውቅም። እናንተም ቤት እንዲህ ያለ ነገር ደርሶ ከሆነ እባካችሁ ጻፉልኝ፤ ለእናታችሁ እንዴት ነገራችኋት? የኔዋ አሁንም መልሳ እየደወለች ነው።