ባለ ሁለት እግሩ ኮንሶል

ሰፈሩ ሁሉ "ብርጭቆ ወረቀት" ይላታል። ያንን እንጨት ማለስለሻ ማለታቸው ነው። ስሙን ያወጣላት አንድ ደንበኛዋ ነው፤ ዕቃዬን ዛሬውኑ ጨርሺልኝ እያለ ሲሟገታት ውሎ፣ አልሆንለት ሲል "ይቺ ሴት አይደለችም፣ ብርጭቆ ወረቀት ናት! የያዘችውን ሳትልጥ አትለቅም" ብሎ ወጣ። እሷ እቴ፣ ምን ገዷት! ሳቀች እንጂ። ይኸው እስከ ዛሬ በዚሁ ስም ትጠራለች።

ሥራዋ አሮጌ ዕቃ ማደስ ነው፤ ከሁሉም ኮንሶል ይዋጣላታል። ያ ግድግዳ ተጠግቶ የሚቆመው፣ ቁልፍና መብራት የሚቀመጥበት ጠባቡ ጠረጴዛ። ሰው ጓዳ ጥሎ የረሳውን፣ አይጥ የተጫወተበትን፣ ቀለም በቀለም ላይ የተለቀለቀበትን እየጎተተ ያመጣላታል፤ እሷም ፍቃ ፍቃ እንጨቱን እንደገና ታወጣዋለች። የሚነቀነቅ ጠረጴዛ ከሱቋ ወጥቶ አያውቅም። በመጋዝ የተቆረጠ አሮጌ ዕቃ ካየች ግን አለቀላት፤ "ማነው እሱ፣ እጁን ይቁረጠውና!" ሳትል አታልፍም።

ይህ ንዴት ከቤት የመጣ ነው። ልጅ ሳለች ቤተሰቡ ተከራይ ነበር። አንዱ አከራይ "ልጆቻችሁ ይጮኻሉ" ሲል፣ ሌላው "ወንድሜ ሊገባበት ነው" ሲል፣ ዕቃ ተሸክሞ መውጣት ነበር ኑሯቸው። በየቤቱ መጀመሪያ የሚገባው አባቷ ተሰባብሮ ተጥሎ አግኝቶ የጠገነው አሮጌ ኮንሶል ነው። ጠቆር ያለ ቡኒ፤ የፊት እግሮቹ ቅጠልና አበባ የተቀረጸባቸው፣ የኋላዎቹ ግን ማን ያያቸዋል ተብለው ልሙጥ የተተዉ። አባቷ ተሸክሞት ይገባና በሩ አጠገብ ያቆመዋል፣ እናቷ መብራቷን ታስቀምጥበታለች። በቃ፣ ቤት ገቡ ማለት ነው።

በስንት መከራ የራሳቸውን ቤት ሠርተው የገቡ ዕለት አባቷ መጋዝ አነሣ። ሁለቱን የኋላ እግሮች ገዝግዞ ጣለና ኮንሶሉን በትልልቅ ብሎን ከግድግዳው ጋር አሰረው። "ከእንግዲህ ልቀቁ የሚለን የለም! እሱም እኛም ከዚህ ንቅንቅ አንልም!" አለ ላቡን እየጠረገ። እናቷ በደስታ አለቀሰች። ልጅቷ ግን "ምን አደረገህና ቆረጥከው!" እያለች ጎረቤት እስኪሰማ ጮኸች። እግሮቹን ስትጠይቀው ፊቱን አዙሮ "አቃጠልኳቸው" አላት። እስኪሞት ድረስ ይህቺን ነገር ይቅር አላለችውም።

አባትየው ካረፈ ቆየ። እናቷ ዳሌዋ ከድሮም ያስቸግራታል፤ አሁን ደግሞ ደረጃው አቃታትና ቤቱ ሊሸጥ፣ እሷም ከብርጭቆ ወረቀት ጋር ከሱቁ ጀርባ ባለው የኪራይ ክፍል ልትኖር ተወሰነ። እናትየው እሺ አለች። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች።

"ኮንሶሉ ካልሄደ እኔም አልሄድ። ስገባ በሩ ጋ ካላየሁት ቤቴ አይመስለኝም። እንግዳ ሆኜ መሞት አልፈልግም፣ ልጄ።"

"ይሄዳል እማዬ። ምን ችግር አለው!"

ችግርማ ነበረው። ታላቅ ወንድሟ ቤቱን ለሚገዛው ሰዓት ሠሪ "ግድግዳ ላይ ያለው ሁሉ ከነቤቱ ነው" ብሎ ቃል ሰጥቶታል። ሰዓት ሠሪው ደግሞ ገና ከበሩ ሲገባ ዓይኑ ያረፈው ኮንሶሉ ላይ ነው።

"ጋሼ፣ ምን ነካህ?" አለችው ወንድሟን።

"እኔ ምን አውቄ! ሁለት እግር ብቻ ያለውን ማን ጠረጴዛ ይለዋል? መደርደሪያ መስሎኝ ነው።"

ሰዓት ሠሪው ክፉ ሰው አይደለም፤ ግን ፍንክች የማይል ዓይነት ነው። "እህቴ፣ ሲፈታ የሚወድቅ ነገር የግድግዳው ነው" አላት ረጋ ብሎ። "በራሱ እግር ከቆመ ዕቃ ነው፣ ይውሰዱት። አዲስ እግር ቀጥለው እንዳያመጡብኝ ደግሞ። ያማ ሌላ ጠረጴዛ ሆነ።"

"ቁልፍ የምንረካከበው እሑድ አይደል? እሑድ በራሱ እግር ቆሞ ያገኙታል!"

ሰውየው ሲወጣ ወንድሟ አፈጠጠባት። "አብደሻል እንዴ? እግሮቹን አባባ አቃጥሏቸዋል እኮ!"

"ይቆማል ብያለሁ፣ ይቆማል!"

በማግስቱ ቤቱን ገለበጠችው። ጣራው ሥር ገባች፣ የዕቃ ቤቱን ጥግ ሁሉ አሰሰች፣ የዶሮ ቤት የነበረውን ሳይቀር ፈተሸች። የተጣለ ነገር የለም፤ የአባቷ ነጠላ ጫማ፣ ዝገት የበላው ፋኖስ፣ የራሷ የትምህርት ቤት ቦርሳ። እግር ግን የለም። አቧራ ለብሳ ወጣችና እናቷ ከተቀመጠችበት በረንዳ ሥር መሬት ላይ ዘፍ አለች። በእልህ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

"አጣሽው?" አለች እናቷ።

"ምን አገኛለሁ እማዬ! አቃጠልኳቸው ብሎኝ የለ! ምን ዓይነት ሰው ነው ግን!"

እናቷ ምርኩዟን አንሥታ ልጇ ጭን ላይ ጣል አደረገችው።

"ፋቂው።"

"ምኑን?"

"ይሄን ነዋ! የሰው ዕቃ ስትፍቂ ትውያለሽ። የእናትሽን ምርኩዝ አንድ ቀን ዞር ብለሽ አይተሽዋል?"

ምርኩዙ አረንጓዴ ነው። ዳሌዋ የታመመ ሰሞን አባቷ መያዣ አበጅቶለት፣ ከውጭ በር የተረፈ ቀለም ቀብቶ የሰጣት። ብርጭቆ ወረቀት ስንቴ ከአልጋ ሥር አንሥታ አቀብላታለች። አሁን ከኪሷ ያንኑ የሥራ ወረቀቷን አወጣችና ትፍቅ ገባች። አረንጓዴው ሲለቅ ከሥሩ ያ ጠቆር ያለ ቡኒ ብቅ አለ። የኮንሶሉ እግር!

"ሌላውስ?" አለች።

እናቷ በአገጯ የውጭ በሩን አሳየቻት። መወርወሪያው! እሱም አረንጓዴ። ይህን ሁሉ ዘመን ስትገባ ስትወጣ በእጇ ስትስበው፣ ስትገፋው የኖረችው።

"አላቃጠላቸውም?"

"ሊያቃጥላቸው ነበር። አንቺ እንደዚያ ስትሆኚ አንጀቱን በላሽው። 'አንድ ቀን ትመልሳቸዋለች' ብሎ አስቀመጣቸው። ለአንቺ መንገሩን ግን ፈራ። ያንቺን ምላስ ማን ይችላል!"

"አንቺስ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?"

"ብነግርሽ ያኔውኑ ከእጄ ትነጥቂኝ ነበራ!"

ብርጭቆ ወረቀት እየሳቀች አለቀሰች። አባቷ ናፈቃት፤ ያንን ሁሉ ዓመት በከንቱ ስለተቀየመችው ቆጫት። ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አላትና ቀና አለች።

"በምን ልትሄጂ ነው እማዬ?"

"በአንቺ" አለች እናቷ፣ እንደ ቀላል ነገር።

መወርወሪያውን አወለቀች፤ በምትኩ የብረት ገጠመች። ብሎኖቹን ፈትታ ኮንሶሉን አወረደችው። የምርኩዙን መያዣ ነቅላ፣ እግሮቹን ፍቃ፣ ከተቆረጡበት ጉማጅ ጋር አጋጥማ፣ የእንጨት ችንካር ሰክታ በኮላ አጣበቀች። ሲደርቅ ብታቆመው፣ ተነቀነቀ። ምርኩዝ የነበረው እግር አንድ ጣት ያህል አጥሯል፤ የቤቱ ወለል በልቶታል። ሦስቱን ቆርጦ ማስተካከል ቀላል ነበር። መጋዝ? ሞታ ትገኛለች!

እሑድ ሰዓት ሠሪው መጣ። ጎንበስ ብሎ እግሮቹን አንድ በአንድ መረመረ፣ መጋጠሚያውን በጥፍሩ ነካካ። የራሱ እንደሆኑ አመነ። ከዚያ አንድ ጣቱን ላዩ ላይ አሳረፈና ጫን አለው። ኮንሶሉ ቀጭ አለ።

"ይነቀነቃል እኮ፣ እህቴ" አለ።

ብርጭቆ ወረቀት አፏን ስትከፍት እናቷ ቀደመቻት። ከወንበሯ ተነሥታለች፤ ያለ ምርኩዝ፣ ጉልበቷ እየተንቀጠቀጠ፣ ማንንም ሳትይዝ።

"እኔም እነቀነቃለሁ፣ ልጄ" አለችው። "ግን ቆሜያለሁ።"

ሰውየው አያት፤ ኮንሶሉንም አየ። ወንድምየው መሬት መሬት ያያል። "ይውሰዱት እማማ" አለ ሰዓት ሠሪው በመጨረሻ፣ ወንበሯንም ራሱ አቀረበላት።

የዚያኑ ዕለት ከሰዓት ኮንሶሉ ከሁሉ ቀድሞ የኪራዩ ክፍል ገባና በሩ አጠገብ ቆመ። አከራይዋ ብቅ ብላ "ግድግዳዬን እንዳትበሱብኝ አደራ" አለች።

"ማን ይነካልሻል!" አለች እናትየው። "በራሱ እግር የሚቆም ነው።"

ብርጭቆ ወረቀት አጭሩን እግር ልትቀጥል ቁራጭ እንጨት ይዛ ተንበረከከች። እናቷ ትከሻዋን ያዝ አደረገቻት።

"ተዪው። ቤቴ ውስጥ ስመላለስ ነው ያለቀው። ምንም አትጨምሪበት።"

የሚነቀነቅ ጠረጴዛ ከእጇ ወጥቶ የማያውቀው ሴት እንጨቱን አስቀመጠች። ከኪሷ ብርጭቆ ወረቀት አውጥታ አጠፈችውና ከእግሩ ሥር ወሸቀችው። በጣቷ ጫን ብትለው ንቅንቅ አላለም። እናቷም በልጇ ትከሻ ተደግፋ መብራቷን አስቀመጠችበት።