ማሽኗ ስትገባ እኔ ስወጣ

የሄድኩ ዕለት ማምሻውን ቦሌ ድረስ የሸኙኝ ጋሽ ታደለ ናቸው። እናቴን ቤት ተሰናብቻታለሁ፤ ኤርፖርት በር ላይ ማልቀስ አልወድም ብላ ቀረች። ከሰሚት እስከ ቦሌ መንገዱ ተዘጋግቶ ታክሲው በእግር ከሚሄደው ሰው እኩል ነበር የሚንቀሳቀሰው። ጋሽ ታደለ የእጅ ሻንጣዬን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀምጠው፣ የጉምሩክ ዕቃ መጋዘኖቹ ጋ ስንደርስ በጣታቸው አሳዩኝ።

«እዚያ ናት» አሉ። «እሷ ገብታ አልወጣችም፣ አንቺ ደግሞ ልትሄጂ ነው። ሁለታችሁንም መጠበቅ አልችልም፣ ቶሎ ነይ።»

«ስድስት ወር ነው፣ ጋሼ።»

«እሺ» አሉ። ሻንጣውን ግን ቶሎ አልሰጡኝም።

«እሷ» ያሏት ሰው አይደለችም። ሴል ሶርተር ናት፤ ከአንዲት ጠብታ ደም ውስጥ የሚፈለገውን ህዋስ በሌዘር ብርሃን እያየች፣ አንድ በአንድ እየለየች፣ ለብቻው ቱቦ ውስጥ የምታስቀምጥ ማሽን። ጋሽ ታደለ የላብራቶሪያችን ቴክኒሻን ናቸው፣ እኔ ረዳት ተመራማሪ ነበርኩ። የምናጠናው ካላዛርን፣ በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፈውን የቆላ በሽታ ነው። ከቆላ የመጡ የቀን ሠራተኞች ክንዳቸውን ዘርግተው ደም ይሰጡናል፤ እኛ ደሙን በደረቅ በረዶ አሽገን ውጭ አገር እንልካለን፤ ውጤቱ ከብዙ ጊዜ በኋላ በሌላ ሰው ስም ታትሞ እናነበዋለን። ጋሽ ታደለ ሳጥኑን ባሸጉ ቁጥር «ደግሞ ደማችንን ላክን» ይሉ ነበር። ቀልድ አልነበረም።

ስለዚህ ቤልጅየም ጌንት ከተማ ያሉት ፕሮፌሰር ሂልደ «አሮጌውን ሶርተራችንን ልንቀይረው ነው፣ ከፈለጋችሁ ውሰዱት፣ አንድ ሰው ግን መጥቶ ይሠልጥን» ብለው ሲጽፉልን ቢሯችን በእልልታ ቀለጠ። ማሽኗ ቀድማ በአውሮፕላን መጣች። እኔ እስክሄድ አራት ወር ሙሉ ከጋሽ ታደለ ጋር መጋዘኑ በር ላይ ዋልኩ።

የመጀመሪያው ቀን ጋሽ ታደለ ለጥበቃው «መሳሪያ ልንወስድ መጥተን ነው» አሉት።

ጥበቃው ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ። «ምን ዓይነት መሳሪያ?»

«የላብራቶሪ! የላብራቶሪ መሳሪያ!» እያልኩ በመሃል ገባሁ። ሁለታችንንም ከራስ እስከ እግር ፈትሾ አስገባን።

ውስጥ፣ መስኮቱ ላይ የነበረችው ልጅ ትሑት ናት፣ ክፋት የላትም። «የዕቃው ስም?» አለችኝ።

«ሴል ሶርተር።»

«የሞባይል?»

«አይደለም። የደም ህዋስ የሚለይ ማሽን ነው።»

ኮምፒውተሯን ስትነካካ ቆየች። «መለያ ማሽን... አዎ፣ አለ። የቡና መለያ፣ የእህል መለያ፣ የዘር መለያ። የትኛው ይሁንልሽ?»

«አንዳቸውም አይደለም።»

«እህቴ፣ አንዳቸውም የሚል ኮድ የለኝም።»

በቡና መለያ ተመዘገበች። በሳምንቱ የቡና ላኪነት ፈቃዳችሁን አምጡ ተባልን። ቡና እንደማንልክ የሚገልጽ ደብዳቤ ከዩኒቨርሲቲው አጽፈን ይዘን ሄድን። ቀጥሎ ያገለገለ ዕቃ ስለሆነ ሌላ ደብዳቤ፣ ሌዘር ስላለው ሌላ ደብዳቤ። አንዱ ሲሟላ የሌላኛው ጊዜ ያልፍበታል። ጠዋት ቦሌ፣ ከሰዓት ሌላ ቢሮ፣ ማታ ሰሚት። ደክሞኝ ታክሲ ውስጥ እንቅልፍ ሲጥለኝ ጋሽ ታደለ የደብዳቤዎቹን ፎልደር ደረታቸው ላይ ታቅፈው ይቀመጣሉ። እንደዚያ ሆነን ነው የተለያየነው።

ጌንት ስደርስ የጠበቀኝ ዝናብ ነው። የእኛ የሐምሌ ዝናብ ይመጣል፣ ያገሳል፣ ያበሰብሳችኋል፣ ይሄዳል። የዚህ አገሩ ድምፅ የለውም፤ ወርዶም አያልቅ፣ ተቆጥቶም አያውቅ። ምሳ ሰዓት ላይ ሁሉም ከምሳ ዕቃው ቀዝቃዛ ዳቦ በአይብ አውጥቶ ይበላል፤ የመጀመሪያ ሳምንት ምድጃው ተበላሽቶባቸው መስሎኝ ነበር። ሰው ቤት ለመሄድ፣ ባንክ ለመግባት፣ ጸጉር ለመቆረጥ «አፍስፕራክ» ያስፈልጋል፣ ቀጠሮ ማለት ነው። የፎቁን ጎረቤቴን ቡና ጠጪ ብላት ማስታወሻዋን አውጥታ ከሦስት ሳምንት በኋላ ያለ ማክሰኞ ሰጠችኝ።

ያከራዩኝ ሰውዬ ሜነር ሉክ ይባላሉ፤ ሜነር አቶ ማለት ነው። በጥር ብርድ መጥተው ግድግዳውን በመዳፋቸው ዳበሱና «መስኮት በቀን ሁለቴ፣ አሥራ አምስት አሥራ አምስት ደቂቃ ትከፍቻለሽ» አሉኝ።

«ውጭ እኮ በረዶ ነው።»

«እርጥበቱ እንዲወጣ ነው። በጣም ትተነፍሻለሽ።»

እንግዲህ ይኼን ምን ይሉታል? ትንፋሼን እንድቀንስ የሚል አንቀጽ ውሉ ላይ አልነበረም።

እውነት እዚያ ቤት መኖሬን የሚያረጋግጥ ፖሊስም መጣ። ሕጋቸው ነው። አልጋዬን አየ፣ ቁምሳጥን ከፈተ፣ መታጠቢያ ቤት ገብቶ ወጣ።

«አንድ የጥርስ ብሩሽ ነው ያለው» አለ። «ብቻሽን ነሽ?»

«ብቻዬን ነኝ።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«በጣም» አልኩት። ጻፈው። ሲወጣ በሩን ይዤ ጥቂት ቆምኩ፤ ከአከራዬ ሌላ ቤቴን የረገጠ የመጀመሪያው እንግዳ እሱ ነበር።

ሥልጠናው ግን ደስ ይል ነበር። እዚያ ያለችው አዲሷ ማሽን የኛዋ ታናሽ እህት ናት፤ ህዋሱን ይዞ የሚሄደው ጨው ውኃ ቀጥ ብሎ እንዲወርድ ማድረግ፣ አረፋ ሲገባባት ማስወጣት፣ አፍንጫዋ ሲደፈን ማጽዳት ተማርኩ። የተማርኩትን ሁሉ በአማርኛ እየጻፍኩ፣ ፎቶ እያነሳሁ ለጋሽ ታደለ እልክላቸዋለሁ። ስድስቱ ወር ሲያልቅ ማሽናችን አሁንም ሳጥኗ ውስጥ ናት። በዚያው ሳምንት ፕሮፌሰር ሂልደ ቢሯቸው ጠርተውኝ የዶክትሬት ቦታ አለ፣ አራት ዓመት፣ ትፈልጊያለሽ ወይ አሉኝ።

ጋሽ ታደለ ጋ ደወልኩ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ነይ እንዲሉኝ ፈልጌ ነው የደወልኩት። ነይ ቢሉኝ እመጣ ነበር፤ ወይም እመጣ ነበር ብዬ ራሴን እያጽናናሁ ነው።

«መጥተሽ ምን ልትሠሪ?» አሉኝ። «ሳጥን ልትጠብቂ? ሳጥኑ ጥበቃ አለው።»

«ተመልሼ እንዳገለግል ዩኒቨርሲቲው ያስፈረመኝ ግዴታስ?»

«ትምህርት ነው፣ ያራዝሙልሻል። ፈርሚ፣ ወይኒዬ።»

ፈረምኩ። ወር አልሞላውም፣ አንድ ቀን ገበያ ውስጥ ቆሜ ሽንኩርት ስመርጥ ስልኬ ጮኸ።

«ወጣች!» ጋሽ ታደለ ናቸው፤ ከኋላቸው የመኪና ጡሩምባና የሰው ጫጫታ ይሰማል። «ወጣች እኮ! አይሱዙ ላይ ናት! ለሚ ኩራ እየገባን ነው!»

አዲሱ የላብራቶሪ ሕንፃ እዚያ ነው። ሊፍቱ ገና አልተገጠመም፤ ጎን ካለው ግንባታ ስምንት የቀን ሠራተኞች ለምነው፣ «እንደ ነፍሰ ጡር ያዟት፣ ቀስ፣ ቀስ» እያሉ ሁለተኛ ፎቅ አወጧት። በቪዲዮ አሳዩኝ። ሽንኩርቱን እዚያው ትቼው ሄድኩ። ደስታ ነው ብዬ ነበር፤ ቤት ስደርስ ግን ጫማዬን ሳላወልቅ አልጋው ላይ ተቀመጥኩ።

ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ በስልክ ሠራን። እሳቸው ስልኩን የመደርደሪያ ጠርዝ ላይ አስደግፈው፣ እኔ ከዚህ «ወደ ግራ፣ ጋሼ፣ ትንሽ ወደ ግራ» እያልኩ። መብራት ሲሄድ ደግመን ከመጀመሪያው እንነሳለን። አምስተኛው ቅዳሜ ውኃው ቀጥ ብሎ ወረደ። ስድስተኛው ላይ ደም አስገባን፤ ከሁመራ ቆላ ከመጣ አንድ የሰሊጥ አጫጅ የተቀዳ ነው።

ጋሽ ታደለ ወደ ስክሪኑ ተጠጉ።

«ምን ይታይዎታል?» አልኩ።

«ነጥብ ነው... ነጥብ ብቻ... ቆይ። ተሰበሰበ። ሁለት ደመና ሆነ።»

«የምንፈልገው የታችኛውን ነው። በማውሱ ይክበቡትና ጀምሪ የሚለውን ይጫኑ።»

ጫኑት። የማሽኗን ድምፅ በስልኩ ሰማሁት። ከዚያ ትንፋሻቸውን ሰማሁ፣ ከዚያ አፍንጫቸውን ሲያብሱ።

«እየገባ ነው» አሉ በቀስታ። «ቱቦው ውስጥ እየገባ ነው። እዚሁ። ማንም ጋ ሳንልከው።»

እኔም አፌን በእጄ ይዤ ነበር።

ውጤቱን ሊያስቀምጡ ሲሉ ስክሪኑ ጥያቄ አመጣ። ቀስ ብለው አነበቡት። «የኦፐሬተር ስም ጻፍ ይላል። ይኼ አንዴ ከገባ ሁልጊዜ እሱ ነው የሚመጣው መሰለኝ። ያንቺን ልጻፍ?»

ጋሽ ታደለ በሚቀጥለው ዓመት ጡረታ ይወጣሉ። እኔ የፈረምኩት አራት ዓመት ነው፤ ከአራት ዓመት በኋላም የሚጠብቀኝን አላውቅም፣ የምፈልገውንም አላውቅም። መስኮቱ ላይ ያ ድምፅ የሌለው ዝናብ ይወርዳል።

«የእርስዎን ይጻፉ፣ ጋሼ» አልኩ።

የቁልፎቹ ድምፅ ተሰማ፤ በአንድ ጣት፣ ፊደል በፊደል።

«ለጊዜው ነው አይደል?» አሉ።