ሦስት ባዶ መስመር

ሰቆጣ ባስተማርኩ በአራተኛው ዓመት፣ ነሐሴ ላይ፣ የዝውውር ቅጽ ደረሰኝ። የምንመርጠውን ከተማ የምንጽፍበት ሦስት ባዶ መስመር ነበረው። ባለትዳሮቹ መምህራን ከሚስቶቻቸው ጋር ተመካከሩ፤ እኔ ላጤው ከግድግዳው ካርታ ጋር ሳምንት ሙሉ ተፋጠጥኩ። በመጨረሻ ደሴ፣ ወልዲያ፣ ኮምቦልቻ ብዬ ጻፍኩ። ደሴን ያስቀደምኩት ማንም በማያውቀኝ ጎዳና ላይ መሄድ ስላማረኝ ነው።

ለንስሐ አባቴ ብቻ ነገርኳቸው። «እግዚአብሔር ያሳካልህ» አሉኝ።

ነሐሴ አሥራ ሁለት ቀን፣ በየወሩ በተራ በምንደግሰው የሚካኤል ማኅበር ላይ፣ የመስከረሙ ተረኛ ሐዘን ስለገጠማቸው ጽዋውን የሚረከብ ጠፋ። የንስሐ አባቴ ተነሡና እጄ ላይ አኖሩት።

«መስከረም ያንተ ቤት ነው። ላጤ ነኝ ብለህ አትስጋ፤ ጠላውን ሴቶቹ ይጠምቁልሃል።»

የተዛወረ መምህር መስከረም ሲጠባ አዲሱ ቦታው መገኘት እንዳለበት እሳቸውም ያውቃሉ። የተሰጠ ጽዋ ደግሞ አይመለስም። በሁለት እጄ ተቀብዬ ተሳለምኩት።

ሴቶቹ ቤቴ ድረስ ሸኙኝ። ማን ጌሾ፣ ማን ብቅል እንደሚያመጣ በኽምጣኛ ሲከፋፈሉ ሰማሁ። ቋንቋቸው እስኪገባኝ ድረስ መቆየቴ አናደደኝ።

ያለኝ ጠረጴዛ አንድ ነው። ጽዋውን ቅጹ ላይ አስቀመጥኩት። ደብዳቤያችንንና የሞላናቸውን ቅጾች የሚያደርስልን ነጋዴ በቅሎዎቹን ጭኖ ወደ ኮረም እስኪሄድ ድረስ አላነሣሁትም።