ደሴን «ሳይወርድ የሚገባ» አትበሉብኝ

ጠዋት «ደሴ ሞተ» ሲሉኝ «የቱ ደሴ?» አልኩ። ከገንዳ ውሃ ከተማ ሽንፋ ድረስ በሞተር ሰው የሚያመላልሰው ደሴ አሉኝ። ስልኩ ላይ ደወልኩ። ወንድሙ አነሣው። አሁንም አላምንም።

ግን ከለቅሶው በፊት ንዴቴን ላውጣ።

ከጠዋት ጀምሮ ፎቶውን እየለጠፋችሁ «ሳይወርድ የሚገባው አንበሳ» የምትሉ ሞተረኞች፣ ውሸታሞች ናችሁ። እግር መሬት ሳያስነኩ ሽንፋ መግባት የናንተ ጉራ ነው እንጂ የሱ አልነበረም። ደሴ ይወርድ ነበር። ወንበሩ ላይ የበግ አጎዛ ስላነጠፈ፣ መንገድ ላይ ወርዶ ስለሚያርፍ «አጎዛው» እያላችሁ ስትስቁበት የኖራችሁት እናንተው ናችሁ።

እኔ የግብርና ባለሙያ ነኝ፤ የሰሊጥ ማሳ እየዞርኩ አያለሁ። ለዓመታት ከኋላው ተቀምጬ ሄጃለሁ። የመጀመሪያው ቀን ሽንፋ ገበሬዎች እየጠበቁኝ ነበር። ገና መንገዱን ሳናጋምስ አንዲት ግራር ስር አቆመና፦

«ኸላስ፣ በቃ፣ አንች ልጅ ውረጅ። ቂጥ ይተንፍስ» አለኝ። ይቅርታ አድርጉልኝ፣ እሱ እንዳለው ነው የምጽፈው።

«ሰው እየጠበቀኝ ነው እኮ!» ብዬ ጮህኩበት።

«ይጠብቅሻ! ቂጥ ሲደነዝዝ ዓይንም ይደነዝዛል። እኔ በደነዘዘ ዓይን የሰው ልጅ አልጭንም።»

እየተነጫነጭኩ ስወርድ እግሬ አልታዘዝ ብሎኝ ዘጭ አልኩ። አልሳቀብኝም። ውሃ ሰጠኝና ሱሪዬን አይቶ «ይኸን ጂንስ ተይው፣ ስፌቱ ነው የሚልጥሽ» አለኝ። ሰፊ የጥጥ ሱሪ መልበስ ያስተማረኝ እሱ ነው። ኮረኮንች ሲመጣ መርገጫውን ረግጦ ከወንበሩ ትንሽ ብድግ ማለትንም ከሱ ነው የለመድኩት። ስፖንጅ የሚቆልሉትን አይወድም። «ሲቀመጡበት ይጥማል፣ ትንሽ ቆይቶ ብረቱ ላይ ይጥልሻል» ይል ነበር። ደህናው አጎዛ ሁልጊዜ የኋላው ወንበር ላይ ነበር። እሱ የሚቀመጥበት ጠጉሩ ያለቀው ላይ ነው።

መናኸሪያው በር ላይ «አልጋህን ተሸክመህ ነው እንዴ የምትዞር?» ስትሉት የመለሰላችሁን ረሳችሁት?

«እናንተ ደርሳችሁ ትወድቃላችሁ፤ እኔ አርፌ እደርሳለሁ።»

ትናንት አልደረሰም። ሽንፋ ሰው አድርሶ ብቻውን ሲመለስ፣ እንደ ልማዱ እዚያችው ግራር ስር ሞተሩን አቁሞ፣ አጎዛውን አንጥፎ ጋደም አለ። «ሳልወርድ ገንዳ ውሃ እገባለሁ» ብሎ ፎክሮ የተነሣው ጓደኛችሁ መሪው ላይ አንቀላፋ፤ ከመንገድ ወጥቶ ደሴን በተኛበት ወጣበት። ልጁ እጁ ተሰብሮ ሆስፒታል ነው። እግዜር ያድነው። እኔ ግን ዛሬ ልጠይቀው አልሄድም።

ሞተር ገደለው አትበሉኝ። ጉራችሁ ነው የገደለው።

ይባስ ብሎ፣ ነገ አስከሬኑን ሽንፋ እናቱ ዘንድ ስንወስድ «ለክብሩ እግር ሳናሳርፍ እናጅበዋለን» ብላችኋል አሉ። ይኸ ለማን ነው ክብሩ? ግራሯ ስር የማይወርድ ሰው አይከተለን። እዚያ እንዲያቆም አስከሬኑን ለሚጭነው መኪና ሹፌር ነግሬዋለሁ፤ ወንድሙም እሺ ብሏል። እዚያ ልትጣሉኝ ከመጣችሁም አለሁላችሁ።

ደሴ፣ የኔ ወንድም።

አጎዛህን ወንድምህ ሰጥቶኛል። ደም ነክቶታል፣ ላጥበው አልቻልኩም። ነገ ሳጥንህ ስር አነጥፍልሃለሁ፤ መንገዱን ታውቀው የለ። እኔም ከኋላ ነኝ፣ አጠገብህ።

ግራሯ ጋ ስንደርስ ሁሉንም አስወርዳቸዋለሁ። ጥላው ስር ትንሽ እናሳርፍሃለን። እናትህ እየጠበቁህ ነው፣ አውቃለሁ።

ይጠብቁሃ! ኸላስ ደሴ፣ ቂጥ ይተንፍስ።