አባቴ አፋቸውን የከፈቱ ዕለት

ሰሞኑን ደብረ ታቦር አንድ ክሊኒክ ተራ ስጠብቅ፣ አንድ ጎልማሳ ሐኪሙን ወደ ጥግ ወስዶ «ለእናቴ እንዳይነግሯት፣ ትደነግጣለች» ሲል ሰማሁ። አልፈረድኩበትም። እኔም በወጣትነቴ እንደዚሁ ተመኝቼ አውቃለሁ።

አባቴ እብናት አቅራቢያ የገጠር ቄስ ነበሩ። ዐቢይ ጾም እኩሌታው ላይ ጥርሳቸውን አስነቀሉ፤ ደሙ ግን አልቆም አለ። ጨው አስያዝናቸው፣ ንጹሕ ጨርቅ አስነከስናቸው፤ ወይ ፍንክች! በማግስቱ በሚኒባስ ይዣቸው ወደ ደብረ ታቦር ወጣሁ። መንገዱ ያን ጊዜ ኮረኮንች ነበር፤ በነጠርን ቁጥር አፋቸው ላይ የያዙት ነጠላ ይበልጥ ይቀላል። ከተማው ስንገባ የጉና ብርድ ተቀበለን። እጃቸውን ብይዘው ከብርዱም ይብስ ነበር፤ ያኔ የእውነት ፈራሁ።

የጥርስ ሐኪሟ ገና ወጣት ነበረች። ቁስሉን አየችና ከመሳቢያዋ እንደ ደረቀ አረፋ ያለች ነጭ ቁራጭ አወጣች።

«አባ፣ ይቺ ቁስሉ ውስጥ ትቀመጣለች። ደሙን ታረጋዋለች፤ ኋላ እዚያው ሟሙታ ትጠፋለች።» ቁራጯን እያሳየቻቸው ጨመረች። «የተሠራችው ግን ከአሳማ ቆዳ ነው።»

ምነው አፏን በያዘው አልኩ በሆዴ! አባቴ እኮ በጾም ቅቤ የነካው ማንኪያ ሲያዩ ቤቱን የሚያውኩ ሰው ናቸው። እንደፈራሁትም አፋቸውን ግጥም አደረጉ።

«ሌላ ነገር የለም?» አልኳት።

«ልሰፋው እሞክር ነበር፤ ድዱ ግን ተቦጫጭቋል፣ ክር አይዝም። እሳቸው ሳይፈቅዱ ደግሞ ይቺን አላስቀምጥም።»

አባቴ ደሙን ሳህኑ ላይ ተፉ። «ልጄ፣ ዝም ብለሽ ብታደርጊው ማን ያውቅብሽ ነበር?»

«እኔ አውቀዋለሁ፣ አባ።»

አይተዋት አይተዋት፣ «እውነቱን ከነገረኝ እጅ አልሸሽም» አሉ። «ደግሞስ መድኃኒት እንጂ መብል አይደለ። በይ ሥሪ።» አፋቸውንም ከፈቱ። ጥቂት ቆይቶ ደሙ ቆመ፤ እኔ ግን እንባዬ አልቆም አለኝ።

በሰንበት፣ ሐሜቱ ሳይቀድማቸው፣ ከቅዳሴ በኋላ ምእመኑ ፊት ቆመው ሁሉንም ተናገሩ። ያጉረመረመ አልጠፋም። እሳቸው ግን «ሐኪሙን ጠይቁ፤ እውነቱን ከነገራችሁ አትፍሩ» ብለው ተቀመጡ። እንዴት ኮራሁባቸው!

አባቴ ካረፉ ቆይተዋል። ስለዚያች ሐኪም ሳነሳ ሰው ሁሉ «አዳነቻቸው በይኛ!» ይለኛል። አዎ፣ አድናቸዋለች። እኔን እስከ ዛሬ የሚገርመኝ ግን እምቢ ሊሏት እንደሚችሉ እያወቀች መጠየቋ ነው።